ደጃዝማች ውርጭ የጠራት ብቅል ሻጭ

እቴነሽ ብቅል ሻጭ ናት። ደብረ ታቦር ውስጥ ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ደጇን ሳይረግጥ አልቀረም፤ ብቅሏ አይታማም። የምትታማው በጥርጣሬዋ ነው። ዶሮዋ ሳትጥል ከዋለች "ጎረቤት ሄዳ ጥላ ነው" ትላለች፤ ሁለት እንቁላል ያገኘች ቀን ደግሞ "አንዱን ማን አስቀመጠው?" ብላ ስትጨነቅ ትውላለች። ፀሐይ ስትወጣ ብቅሏን ታሰጣለች፣ ዓይኗን ግን ከሰማዩ አትነቅልም፤ ሰማይ የሚያታልለው እሷን ለይቶ ይመስላታል። ሰላምታ እንኳ ዝም ብላ አትቀበልም። "እንዴት አደርሽ?" ያላትን ሰው "ምን ሰምተህ ነው?" ትለዋለች። ይህ ነገርሽ አልበዛም ወይ የሚላት ቢመጣ መልሷ አንድ ነው፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ይህች ሴት ናት እንግዲህ የጓሮ ክፍሏን ለደራሲ ያከራየችው።

አውቃ አይደለም። ማሬ ክፍል ፍለጋ ስትመጣ ደራሲ ነኝ አላለችም፤ "ከዓረብ አገር ተመልሼ ነው፣ እትዬ" ብቻ ነው ያለችው። እቴነሽ ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ወይ ወርቅ ያደርጋል፣ ወይ ቤት ይጀምራል፣ ወይ ሱቅ ይከፍታል። ይህች አንድ ሻንጣና አንድ ስልክ ይዛ ቆማለች። ታዲያ ይዛ የመጣችው ምንድነው? የማይታይ ነገር መሆን አለበት ስትል ደመደመች፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ደግ ሆኖ አያውቅም። ክፍሉን ግን ሰጠቻት። የሚጠረጥሩትን ሰው አርቆ ከማሰብ አቅርቦ ማየት ይሻላል።

በጓሮ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ የጭቃ ጎታ አለ። የእቴነሽ አማት ሠርታው፣ ከበሩ ስለሚሰፋ ማንም ማውጣት አልቻለም። እህል ካየ ዘመን አልፎታል። ማሬ በገባች በሳምንቷ፣ እቴነሽ ጓሮ ብቅል እያሰጣች ሳለ ከክፍሉ የወንድ ድምፅ ሰማች። ወፍራም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ። "ስምሽን ንገሪኝ" ይላል። "ስምሽን ብቻ።"

ወንድ! ያውም ስሟን የማያውቅ! እቴነሽ የብቅሉን ማገላበጫ እንደያዘች በሩን በርግዳ ገባች። ወንድ የለም። ማሬ የእንጨት ዱካ ላይ ቆማ፣ ከነትከሻዋ ጎታው ውስጥ ገብታለች።

"በስመ አብ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከደጃዝማች ውርጭ ጋር፣ እትዬ" አለ ጎታው።

እቴነሽ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ የንስሐ አባቷ ዘንድ፣ መምሬ ኃይለሚካኤል ቤት ደረሰች። መምሬ ጸበላቸውን ይዘው ሲመጡ ማሬ እየሳቀች እጃቸውን ተሳልማ፣ ስልኳን ከፍታ አሰማቻቸው። ነገሩ ጋኔን አልነበረም። "ከጉና ጀርባ" የሚባለው፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን በስልክ የሚለቀቀው፣ የባጃጁም የጸጉር ቤቱም ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማው ተረት ነበር። ጎታው ድምፅ ያወፍራል። የደጃዝማች ውርጭ ድምፅ የሚወጣው ከእቴነሽ አማት ጎታ ነው።

ጋኔን አለመሆኑ እቴነሽን አላስደሰታትም። ጋኔን ቢሆን በጸበል ይወጣል። ተረት በምን ይወጣል?

ማሬ እንደነገረቻት ከሆነ ነገሩ የተጀመረው እዚያው ዓረብ አገር ነው። የምትጠብቃቸው ልጆች ያለ ተረት አይተኙም ነበር። ቋንቋው ስላልበቃት በጎደለው ቃል ቦታ ድምፅ ትጨምርበታለች፤ የጅብ፣ የነፋስ፣ የደወል። አንድ ቀን ልጆቹ "ብርድ ምንድነው?" ብለው ጠየቋት። እነሱ ምን ያውቃሉ! የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ፊታቸውን አስጠጋችና "እዚህ ውስጥ አንድ ደጃዝማች ይኖራል" አለቻቸው። ደጃዝማች ውርጭ የተወለደው በዚያች ሰዓት ነው፤ ከሽንኩርትና ከወተት መካከል።

አገሯ ስትመለስ ደጃዝማቹን ይዛው መጣች። ጉና ተራራ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። በተረቷ ከጉና ጀርባ እኛ የማናየው አገር አለ። ሰዎቹ እኛው ነን፤ ግን እዚያ የምንኖረው በሁለተኛው ስማችን፣ በክርስትና ስማችን ነው። ደጃዝማች ውርጭ ከተራራው ጫፍ ሆኖ ሰውን በዚያ ስሙ ይጠራዋል። "አቤት" ያለ እንደ ጉና ገብስ ደርቆ ይቀራል። መዳኛው አንድ ነው፤ ውርጭ መጥራት የሚችለው ሁለቴ ብቻ ነው። ሦስተኛ የጠራህ ሰው ነው፤ አቤት በለው።

የጉናን ገብስ ውርጭ ሲመታው ያየ ሰው በዚህ አይስቅም። አልሳቀም። በጥቂት ወራት ከተማው ሌላ ሆነ። ሰው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ማለት ጀመረ። ቀበሌ ስም ሲጠሩ ሦስተኛው ላይ ነው ሰው የሚነሳው። የአብነት ተማሪዎችም ሁለቴ ሲጠሩ ዝም ሲሉ የኔታቸው ተቆጡ፤ አንዱ "ሳሙኤልም ቶሎ አልገባውም እኮ" ብሎ መለሰ አሉ። ድንች ሻጮች "ውርጭ ያልጠራው ድንች!" እያሉ መሸጥ ጀመሩ። ከአንበሳሜ ለገበያ የሚመጣ ሰው ስልኩን ይዞ መጥቶ ያለፈውን አስቀድቶ ይመለሳል።

እቴነሽ ይህን ሁሉ እያየች ተከራይዋን ትከታተላለች። ልጅቱ ጤናማ ሰው የማይሠራውን ትሠራለች። በጋፋት መንገድ ሄዳ፣ ማሳው ጥግ ተንበርክካ ጆሮዋን መሬት ላይ ትለጥፋለች፤ "ምን ትሰሚያለሽ?" ሲሏት "እስካሁን ምንም" ትላለች። ልቅሶ ቤት ሄዳ ሟቹን ሳይሆን አስለቃሿን ታያለች። ገበሬ አስቁማ "አባባ፣ ውርጭ ሽታው ምን ምን ይላል?" ብላ ትጠይቃለች። ገበሬው ደግሞ አስቦ ይመልስላታል! ወረቀት ላይ አትጽፍም። ያየችውን ሁሉ ለጎታው ትነግረዋለች፤ የገዛ ክንዷ ጸጉር ካልቆመ የቀዳችውን ደምስሳ እንደገና ትጀምራለች። እቴነሽ ከግድግዳው ወዲህ ሆና አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ስትለው ትሰማለች። አንድን ነገር እየደጋገመ የሚል ሰው ደብተራ ነው፤ ወይም ያበደ።

በእቴነሽ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ አልነበረም። ከራሷ አፍ ነው።

ማሬ ለበዓል ጣራ ገዳም ስትሄድ፣ እቴነሽ ጧፍና ዕጣን አስይዛት "ስሜን ለመነኮሳቱ ስጭልኝ፤ በጸሎት ያስቡኝ" አለቻት። ስም ማለት እንግዲህ የክርስትና ስም ነው። ያን ስም ሰው ለማንም አይናገርም። መተተኛ እጅ ከገባ፣ በዚያ ላይ የእናት ስም ከተጨመረበት፣ ሰውየው አለቀለት ይባላል። ለባልም ቢሆን ከሠርግ በኋላ ነው የሚነገረው። እቴነሽ ግን ለገዳም ነው ብላ በማሬ ጆሮ አንሾካሾከች። ከነእናቷ ስም።

ማሬ ስሙን ለገዳሙ አደረሰች። ለጎታውም አደረሰች።

እቴነሽ ወፍጮ ቤት ተራ ይዛ ሳለ ነው የሰማችው። የወፍጮ ቤቱ ሰው ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ "ከጉና ጀርባ"ን ከፍቶታል። አንዲት ሴት ጦር ይዛ ከጭጋግ ወጣች። ማን እንደሆነች ተጠየቀች። "ወለተ ኪሮስ" አለች።

እቴነሽ የገዛ ስሟን ሰማች። ዙሪያዋን አየች፤ ማንም እሷን አላየም። ሰው ሁሉ "ጎሽ! ይች ናት ሴት!" እያለ ነው። (ስሟን እዚህ በመጻፌ እንዳትወቅሱኝ። በድምፅ ማጉያ የወጣን ስም እኔ ብደብቀው ምን ይጠቅማታል?)

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሞቷን ትጠብቃለች። ወለተ ኪሮስ ጀግና ሆነች፤ ሁለት የሙት ልጆችን ከውርጭ ሠራዊት አስጥላ ሸሸች፤ ከተማው ወደዳት። እቴነሽ ግን ጀግንነቱን አልሰማችም፤ የምትሰማው የሚደርስባትን ብቻ ነው። ወለተ ኪሮስ ተራበች፤ እቴነሽን የምግብ ፍላጎት ለቀቃት። ወለተ ኪሮስ እንቅልፍ አጣች፤ እቴነሽ ዓይኗን ሳትከድን አደረች። አንድ ቅዳሜ የወለተ ኪሮስ ቀኝ እጅ ጦሩ ላይ በረዶ ሆኖ ቀረ። ሰኞ ጧት እቴነሽ ብቅል ልታገላብጥ ስትል ቀኝ እጇ አብጦ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ።

መምሬ ኃይለሚካኤል ዘንድ ሄደች።

"አባቴ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆንሽ?"

"ስሜን ዘረፉኝ።"

"ማን?"

"ጎታው።"

መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ። "ልጄ፣ ይሄ ቁርጥማት ነው። ዘንድሮ ብርዱ ጠንቷል። ተረቱ ተረት ነው፤ ስምሽ ያለው በሕይወት መጽሐፍ እንጅ በስልክ አይደለም። እኔም ስሙን ስሰማ አንችን አስቤ ነበር፣ ግን ..."

"ስሰማ?" አለች እቴነሽ። "ይሰሙታል ማለት ነው?"

"ተማሪዎቹ ሲከፍቱት ... ጆሮ ክዳን የለውም" አሉ መምሬ ያሳላቸው መስለው። ጸበሉን ረጯት፣ ባረኳት፣ በሩ ድረስ ሸኟት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ለመሆኑ" አሉ፣ "በሩን ትከፍተው ይሆን?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ መምሬንም ጠረጠረቻቸው።

በሩ የጉና በር ነው፤ ያን ያለፈን ሰው ውርጭ አያገኘውም። እጇ በረዶ በሆነበት በዚያው ቅዳሜ ተረቱ የቆመው እዚያ ላይ ነበር፤ ወለተ ኪሮስና ሁለቱ ልጆች በሩ ላይ ደርሰዋል፣ ደጃዝማች ውርጭ ከኋላ ደርሶባቸዋል። የማሬ ድምፅ በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ተዘጋ፤ "ሦስት ሆነው መጡ። ሁለት ሆነው ይገባሉ።"

ከተማው ሲንጫጫ ዋለ። አንዱ ትሞታለች ይላል፣ አንዱ እሷማ አትሞትም ብሎ ይማማላል። ሟቿ ደግሞ ብቅል እየሰፈረች ትሰማቸዋለች። ማክሰኞ እቴነሽ የጓሮውን በር አንኳኳች።

"ስሜን መልሽልኝ" አለች።

ማሬ ነገሩ ወዲያው ገባት መሰል ዓይኗን ሰበረች። "እትዬ፣ ለመነኮሳቱ ብዬ መንገድ ላይ ስደጋግመው ከአፌ አልወጣ አለ። ስሙ ራሱ እየተራመደ የሚመጣ ይመስላል። ጦር የያዘች ሴት ታየችኝ።"

"እኔ ወንፊት እንጅ ጦር ይዤ አላውቅም። ልትገድያት ነው?"

"እንጃ።"

"እንዴት እንጃ? አፉ ያንች አይደለም?"

"አፉ የኔ ነው። ግን ውርጭ ማንንም ሳይወስድ በሩ ከተከፈተ ማን ይፈራዋል? ከሦስቱ አንዱ መቅረት አለበት።"

"ከልጆቹ አንዱን አስቀሪያ!" አለችና እቴነሽ ወዲያው ደነገጠች። "እ ... ተይው። ልጅ ነው። አላልኩም።" ያበጠ እጇን አወጣች። "ይኸው። የሷ እጅ በረዶ በሆነ በሁለተኛው ቀን ነው። አሁን ደግሞ ልትገድያት ነው። አንች ዱካ ላይ ቆመሽ ታወሪያለሽ፣ እኔ እዚህ እቀበራለሁ።"

ማሬ እጁን አየችው። ዓረብ አገር ኖራ ብትመጣም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷ አመድ መሰለ። "ማርያምን አላሰብኩትም፣ እትዬ" አለች። ቀጥላም "በእርስዎ ቦታ የሚቆም ሌላ ሰው ላምጣ" አለች። "ግን ስም ይስጡኝ። እውነተኛ፣ ሰው የተጠራበት ስም። ስም ከሌለው ፊቱ አይታየኝም፤ ፊቱ ካልታየኝ ደግሞ የማንም ሞት አያስለቅስም። ዓርብ ነው የምቀዳው።"

እቴነሽ በሩን ዘግታ ወጣች። ዓርብ ሳይደርስ አንድ ነፍስ ማቅረብ አለባት።

እዚህ ላይ ስለ የሺ መናገር አለብኝ። የሺ ከአጥሩ ወዲያ ያለች ጎረቤቷ ናት። አንድ ጊዜ ከእህት በላይ ነበሩ። የእቴነሽ ባል ሙላቴ የሞተ ጊዜ ግን የሺ ልቅሶ አልመጣችም። ባሕር ዳር ልጇን ልታሳክም ሄጄ መንገድ ተዘጋብኝ አለች። መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር። እቴነሽ ግን አላመነችም፤ "እሷ ስትሄድ ተከፍቶ ስትመለስ የሚዘጋ ምን ዓይነት መንገድ ነው?" አለች። ሠርግ መቅረት ይቅርታ አለው፤ ልቅሶ መቅረት የለውም። ከዚያ ወዲህ አጥሩ ላይ ቁልቋል ተጨምሮበታል።

የየሺን የክርስትና ስም እቴነሽ ታውቀዋለች። የሺ በምጥ ተይዛ ሳለ፣ አዋላጇ ተስፋ ስትቆርጥ፣ እቴነሽ ናት በጭቃው እየሮጠች ለመምሬ ስሟን ያደረሰችው። "ለቄሱ ብቻ" ብላ ነበር የሺ እጇን ጨብጣ። በስሟ ተጸለየ፣ ልጁ ተወለደ።

እቴነሽ ያን ስም ለቀናት በአፏ ይዛው ዞረች። ብቅል ስታርስ ምላሷ ላይ አለ። ጌሾ ስትሰፍር ምላሷ ላይ አለ። ለራሷ ትሟገታለች፦ ተረት ነው ብለውኝ የለ መምሬ? ተረት ከሆነ የሺ ምን ትሆናለች? ተረት ካልሆነ ደግሞ ... ይበላት! ከዚያ የሺ ከአጥሩ ወዲያ ስታልፍ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ታያታለች። የወገቧ ሕመም ከዚያ ምጥ የቀረ ነው። እቴነሽ ፊቷን ታዞራለች።

ሐሙስ ወደ ማሬ ክፍል ሄደች። በሩን እስክታንኳኳ ድረስ አፏ ውስጥ ያለው የየሺ ስም ነበር። ማሬ ስትከፍት ያበጠ እጇን በአፏ ላይ ጭና ቆመች፤ ሕፃን የሰረቀውን ስኳር እንደሚደብቅ።

"አመጡልኝ፣ እትዬ?"

እቴነሽ ዋጠች። "ተክለ አልፋ" አለች።

"ማን ናቸው?"

"ሙላቴ። ባሌ።" እጇን ዝቅ አደረገችው። "እሱ አንዴ ሞቷል፤ ሁለተኛ ማን ይገድለዋል? ስሙም ቢሆን ፍትሐት ላይ በሰው ሁሉ ፊት ተጠርቷል። መተተኛም ቢያገኘው ከምን ያደርሰዋል?"

ማሬ ዱካውን ስባ አስቀመጠቻት። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

"ለምን ትጠይቂኛለሽ?" አለች እቴነሽ ወዲያው። "ስም አልሽ፣ ስም ሰጠሁሽ።"

"እንዴት እንደሚቆሙ ካላየሁ ማቆም አልችልም።"

እቴነሽ ጠረጠረች። አልነግራትም አለች። ከዚያ አንዷን ብቻ ልንገራት አለች፤ ባጃጅ ጠጋኝ ነበር፣ ሰው ሲጠራው አንገቱን ብቻ ነበር የሚያዞረው፣ ገላውን አያዞርም። ከዚያ ሌላ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድን እንደነበር። በታመመ ጊዜ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው "እኔን ጠግኖ የሚሰጠኝ እኔን የሚያህል ባለሙያ የለም" ብሎ መዝጊያውን ይዞ እንደቀረ፤ በንዴት ሳታለቅስለት እንደቀበረችው። ተነስታ ስትወጣ የጎረቤት ዶሮዎች ግማሹን ብቅል ጨርሰውታል። ማን ከፈተላቸው ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ገበያው ሲበተን እሷ ደጅ ሰው ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ዘውገ የልጃቸውን ድምፅ ማጉያ አምጥተው ብቅል መስፈሪያው ላይ አቆሙት። መምሬ ኃይለሚካኤል "ለሌላ ጉዳይ ሳልፍ" ብለው ቆሙ።

ወለተ ኪሮስ በሩ ላይ ናት። ልጆቹን ከኋላዋ አድርጋለች። ከጎታው ሆድ ድምፁ መጣ፤ "ወለተ ኪሮስ!" ዝም። "ወለተ ኪሮስ!" ዝም። ሰው ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሁለቴ ጠርቷልና አለፈ። ያኔ ደጃዝማች ውርጭ ሳቀ። ዘመኑን ሙሉ ሰዎች ሲጠራሩ ሲያዳምጥ ኖሮ ሦስተኛውን መጥራት ተምሯል።

"ወለተ ኪሮስ!"

አንዲት ሴት "ኧረ በእመቤቴ!" ብላ ጮኸች። እቴነሽ አፏን በነጠላዋ አፈነች፤ "አቤት" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር።

ከጭጋጉ አንድ ሰው በሸሚዝ ብቻ ወጣ። ገላውን ሳይሆን አንገቱን ብቻ ወደ ተራራው አዞረ። ተክለ አልፋ ነው ስሙ። አፉን በእጁ ከድኖ ሳቀና በወለተ ኪሮስ ፋንታ መለሰ፦

"አቤት!"

ውርጭ ያገኘውን ወሰደ። ሰውየው እንደቆመ ቀረ። በሩ ተከፈተ፤ ሴቲቱና ልጆቹ ገቡ።

እቴነሽ፣ ሙላቴ እንኳን በእሷ ፋንታ ሊመልስ፣ በዘመኑ ስትጠራው የመለሰላትን ቀን ማስታወስ አልቻለችም። መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ሲቀበር ያልመጣው እንባ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም።

አቶ ዘውገ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ተክለ አልፋ?" አሉ። "ይሄ ሙላቴ የተፈታበት ስም አይደለም?"

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የእቴነሽ ቤት በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። "ኧረ ምን ሰማን!" "ያን የመሰለ ሰው!" "ባንዴ አይበቃም ነበር?" ይላሉ። ቀልድ አልነበረም። ስሙ ተጠርቶ፣ ሰው ሰምቶ፣ ባለቤቷ አልቅሳ፣ እንዴት ቤታቸው ይቀመጣሉ? አቶ ዘውገ ደጁ ላይ ቆመው ተጨነቁ። "ድንኳን ልጣል ወይስ ልተወው?" ይላሉ። "ደንባችን ስለ ሁለተኛ ሞት ምንም አይልም።"

እቴነሽ በግራ እጇ ሰውን እየጨበጠች ትቆጥራለች፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ለንፍሮው ነው የመጣው። የቀኝ እጇ እብጠት እንዳለ ነው። ራሷም ረስታዋለች።

ያኔ የሺ ገባች።

ሰው መንገድ ለቀቀላት። የሺ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ መጥታ እቴነሽ እግር ስር ተቀመጠች። እቴነሽ እንባውን መረመረችው። ጎንበስ ብላ አሸተተቻት፤ ሽንኩርት አሽታ እንደሆነ። ሽንኩርት አይሸትም።

"ለማን ነው የምታለቅሽው?" አለቻት። "ለሙላቴ ነው ለተረቱ?"

"እኔስ መቼ ለየሁት?"

"ያኔ የት ነበርሽ?"

"መንገድ ተዘግቶ ነበር።"

"አሁንስ?"

የሺ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "አንዴ ቀርቼ ስንት ዓመት አማሽኝ! ሁለተኛ ልቅርልሽ?"

አንዲት ሴት ሳቋን በሳል አስመሰለችው። እቴነሽ አልሳቀችም። ስለ መንገዱ አሁንም አላመነችም። ግን መደቡ ላይ ፈቀቅ አለች፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል፤ የሺም ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ወጥታ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት በአፏ ይዛው የዞረችውን ስም እቴነሽ ለመምሬ እንኳ አልተናዘዘችም፤ መምሬን አታምናቸውም።

ቀና ስትል ማሬን አየቻት። ጥግ ላይ፣ ከኋላ ተቀምጣ አልቃሾቹን በዓይኗ ትለቅማለች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።

"አንች ልጅ!" አለች እቴነሽ። ሰው ሁሉ ዞረ። "ነይ ወዲህ።"

ማሬ እየፈራች መጣች። "ምነው፣ እትዬ?"

"ጉና በር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ፣ በሸሚዝ ነው ያቆምሽው" አለቻት። "ሙላቴ እኮ ካፖርት ነበረው። አንገትጌው የተቃጠለ፣ ቡኒ ካፖርት። ያለ እሱ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።"

"አልነገሩኝም እኮ።"

"መቼ ጠየቅሽኝ!"

"አሁንማ ቆሞ ቀረ፣ እትዬ። የደረቀ ሰው እንዴት አድርጌ ላልብሰው?"

"እኔ ምን አውቄ?" አለች እቴነሽ፣ ንፍሮውን በግራ እጇ እየዘገነች። "ከማቀዝቀዣ ውስጥ ደጃዝማች ያወጣሽ ሰው አንድ ካፖርት ያቅትሻል?"